ቤቱ ይቀድማል ወይስ ዛፉ?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ)

አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ሲሉ የመከሩት ለዳኛና ለሽማግሌ ነው። ዛሬ የምናወሳው ጉዳይ ግን ሥርንና ውሃን በእውነት የሚመለከት ስለ ሆነ ምሳሌው ቃል በቃል ይስማማዋል። ጉዳዩም በመኖሪያ ቤት አጠገብ ያለ ትልቅ ዛፍ በከባድ መኪና ተነቅሎ የሚወገድበት ሥራ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ፣ ደግሞም በልዩ ልዩ አገር ምን ጥቅምና ምን ጉዳት እንዳስከተለ የሚናገረው ታሪክ ነው።

ከእናንተ ከአንባቢዎቻችን መካከል በግቢው ወይም በጎረቤቱ ግቢ ባሕር ዛፍ፣ ጽድ፣ ዝግባ ወይም ግራር የሌለው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ዛፉ ጥላ ይሰጣል፤ ነፋስ ይከለክላል፤ ለግቢውም ግርማ ይሆናል። ነገር ግን እያደገ በሄደ መጠን ቅርንጫፉ ከጣራው ላይ ያርፋል፤ ሥሩ ወደ ቤቱ መሠረትና ወደ ውሃው ቧንቧ ይጠጋል፤ የክረምት ነፋስ በተነሣ ቁጥርም ቤተሰቡ በሥጋት ያድራል። በዚህን ጊዜ ባለቤቱ ዛፉን ለማስወገድ ያስባል። ቀድሞ ይህ ሥራ የብዙ ሰው ጉልበትና የብዙ ቀን ድካም ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን ኤክስካቫተር የሚባለው የመቆፈሪያ መኪና በኪራይ መጥቶ በግማሽ ቀን ይፈጽመዋል። የሚያሳስበውም ይኸው ነው፤ በግማሽ ቀን የተፈጸመው ሥራ መዘዙ በቤቱ ግድግዳ ላይ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊታይ ይችላልና።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት፣ የአገራችንን ነገር ስንናገር ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን አገር ስንናገር ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ስትቆረቆር በአካባቢዋ የነበረው የአገር ደን ብዙ ዘመን አልቆየላትም። መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው፣ ነጋዴውና ባለእጁ ከነቤተሰቡ ሲሰፍርባት፣ ለቤቱ ቋሚና ማገር፣ ለወጥ ቤቱም ማገዶ ያስፈልግ ነበርና ደኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ፤ እንጨትም ከሩቅ የሚመጣ ውድ ዕቃ ሆነ። ችግሩ እየከፋ ከመሄዱ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ የቤተ መንግሥት ሥራ በዚያ ተጀምሮ ነበር። በኋላ ግን አሳቡ ተለወጠ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንፃ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ።

ከተማይቱ ካለችበት እንድትቀር ከረዷት ነገሮች አንዱና ዋነኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ እንዲመጣ ያደረገውም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደ ሆነ ብዙ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ናት፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስለ ሆነም ሕዝቡ ስሙን ባሕር ዛፍ አለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአጠና የሚሆን እንጨት ይሰጣል፤ ከግንዱ ሲቆረጥም ከጉቶው ላይ እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ባለርስቱ ሁሉ በግቢውና በማሳው ተከለው፤ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሳይቆዩም ከእንጦጦ ተራራ ላይ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ከተማይቱ በደን ውስጥ የተሸሸገች መሰለች። ይህንን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲያኖርልን እንፈልጋለን፤ በአዲስ አበባ ብዙው ቤት የተሠራው ቀድሞውኑ ባሕር ዛፍ በቆመበት መሬት ላይ ነውና። የነገሩ ቁልፍ ያለበት በዚህ መሆኑን በኋላ እናያለን።

ባሕር ዛፍ እንደ ተወደደ ሁሉ ብዙ ሳይቆይ ተከሳሽም ሆነ። ውሃ በብዛት ስለሚጠጣ ምንጮች እየደረቁ ነው የሚል አቤቱታ ተነሣ። በዚህም ምክንያት ዳግማዊ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ላይ በነበሩበት በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ከሦስት ሁለቱ እጅ እንዲነቀልና በምትኩ ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ የሚሆነው ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ግን በሙሉ ሳይፈጸም ቀረ። ለመጥበሻው ማገዶ፣ ለቤቱ አጠና የሚያገኝበትን ዛፍ ነቅሎ የሚጥል ሰው እንዴት ይገኛል? ቢገኝስ በምን ኀይል ይነቅለዋል? የዛሬው አንባቢ «ይነቀል» የሚለውን ቃል ሲሰማ መኪናውን ያስባል። በዚያን ዘመን ግን ምሳር፣ ዶማ፣ መጋዝና ጠፍር ብቻ ነበር የነበረው።

አንድ ምሳሌ እናስላ። ቁመቱ 30 ሜትር፣ አማካይ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ ግንዱ ብቻ ወደ 6 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት አንዱ ሜትር ኩብ በግምት አንድ ቶን ስለሚመዝን፣ ይህ ግንድ 60 ኩንታል ያህል ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ክብደት ከሰው ራስ በላይ ቆሞ ነፋስ ሲያወዛውዘው፣ የሚይዘው ሥሩ ብቻ ነው። ሥሩም ብዙ ሰዎች እንደሚያስቡት እንደ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቁ የሚወርድ አይደለም፤ አብዛኛው ክፍል ከላይ ባለው አንድ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ዶማ ይዞ ይህን ሁሉ ሥር እየተከተለ የሚቆርጥ ሠራተኛ ለአንድ ዛፍ ብዙ ቀን ይፈጅበታል። ግንዱን ቆርጦ ጉቶውን ቢተወው ደግሞ ባሕር ዛፍ መልሶ ያቆጠቁጣል።

በዚህ ድካም የተቸገርነው እኛ ብቻ አልነበርንም። በባሕር ዛፍ የትውልድ አገር በአውስትራሊያ የሰፈሩት ገበሬዎች፣ ማሊ የሚባለውን አጭር የባሕር ዛፍ ዐይነት መንጥረው ስንዴ ሲዘሩ፣ በመሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ ማረሻቸውን እየሰበረ እጅግ አስመረራቸው። ጉቶውን ሁሉ ነቅሎ ለመጨረስ ዕድሜ የማይበቃ መሆኑን ባዩ ጊዜ፣ በ1876 ዓ.ም. ሪቻርድ ስሚዝ የተባለ የደቡብ አውስትራሊያ ሰው ጉቶ ሲያገኝ ብረቱ ብድግ ብሎ የሚያልፍና ወዲያው ተመልሶ ወደ አፈሩ የሚገባ ማረሻ ሠራ። ይህ ብልሃት የዚያን ዘመን ሰው የነበረበትን ሁኔታ ያስረዳል፤ ሥሩን ማሸነፍ ስላልተቻለ በላዩ መዝለል ተመረጠ።

ሥሩን የሚያሸንፈው ኀይል የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የዛሬው የመቆፈሪያ መኪና አያት በአሜሪካ አገር የምድር ባቡር ሥራ በተስፋፋበት ዘመን የተወለደ ነው። ዊልያም ኦቲስ የተባለ ወጣት በ1835 ገደማ በእንፋሎት የሚሠራ አካፋ ፈለሰፈ፤ በ1839 የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ በኋላ ግን በዚያው ዓመት ገና በ26 ዓመቱ በሕመም ሞተ። የእርሱ ፈጠራ እያደገ ሄዶ፣ አሜሪካውያን ከ1904 እስከ 1914 የፓናማን ቦይ ሲቆፍሩ 95 ቶን የሚመዝኑ የእንፋሎት አካፋዎች ተራራ ቆርጠዋል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 ሥራውን ሊጎበኙ በሄዱ ጊዜ ከአንዱ መኪና ላይ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ታውቋል። ይሁን እንጂ እነዚህ መኪናዎች አብዛኛዎቹ በሐዲድ ላይ የሚሄዱ ነበሩና፣ ወደ ሰው ግቢ ሊገቡ የሚችሉ አልነበሩም።

ከሐዲድ የሚያላቅቅ እግር ያስፈልግ ነበር። በካሊፎርኒያ የነበረው ቤንጃሚን ሆልት፣ ከባዱ የእንፋሎት ትራክተሩ ረግረግ መሬት ውስጥ እየሰመጠ ስላስቸገረው፣ ጎማውን አውጥቶ በሰንሰለት ላይ የሚሄድ መኪና በ1904 ሞከረ። ካተርፒላር የሚለው ስም የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው፤ ትርጓሜውም አባጨጓሬ ማለት ነው። በ1923 ደግሞ በካንሳስ ክፍለ አገር ጄምስ ከሚንግስና ኧርል ማክሎድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በትራክተር ፊት ሰፊ የብረት ሰሌዳ አጋጥመው ዶዘርን ፈጠሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሦስተኛው መሻሻል መጣ። ይህም በ17ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳዩ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ያስተማረው ሕግ በሥራ ላይ መዋሉ ነው፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል። በዚህ ሕግ መሠረት የመኪናው ክንድ በገመድና በመዘውር መጎተቱ ቀርቶ በዘይት ግፊት መታጠፍና መዘርጋት ጀመረ። የፈረንሳዩ ፖክላን በ1951፣ የእንግሊዙ ጆሴፍ ባምፎርድ በ1953 በዘይት ግፊት የሚሠሩ መቆፈሪያዎች አወጡ። እንግዲህ መኪናው እንደ ሰው ክንድ የሚታዘዝ፣ በጠባብ ስፍራ የሚዞር ሆነ፤ ወደ መኖሪያ ቤት ግቢም ሊገባ የቻለው ከዚህ ወዲያ ነው።

አገራችንም ከባድ መኪናን ማየት የጀመረችው በዚያው በባሕር ዛፉ ዘመን ነው። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በ1896 ዓ.ም. ገደማ ለመንገድ ሥራ ያስመጣው የእንፋሎት መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በሕዝብ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሲወራ ኖሯል። ይሁን እንጂ የሰንሰለት መኪና በብዛት የገባው፣ ከዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳና ሥራ ብድር ከተገኘና በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዶዘር፣ ግሬደርና ካተርፒላር የሚሉት ስሞች በአማርኛችን ውስጥ ሥር ሰደዱ። ቀድሞ ዐሥር ሰው ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ጉቶ በደቂቃ ሲገለበጥ ያየ ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ ሊደነቅም ይገባል።

ነገር ግን ኀይል በተገኘ ጊዜ ማስተዋል አብሮ ካልተገኘ ምን እንደሚሆን አሁንም የባሕር ዛፍ አገር ታስተምረናለች። በአውስትራሊያ ሰፋፊ መሬት ሲመነጠር፣ ሁለት ትልልቅ ትራክተሮች አንድ ከባድ ሰንሰለት በመካከላቸው ይዘው ጎን ለጎን እየሄዱ፣ በመካከል ያለውን ዛፍ ሁሉ ከነሥሩ ገርስሰው ያልፉ ነበር። ስንዴውም ያማረ ሆነ። ይሁን እንጂ ገና መኪናው ሳይበዛ በ1924 ዉድ የተባለ የምዕራብ አውስትራሊያ የምድር ባቡር መሐንዲስ አንድ ነገር አስተውሎ ጽፎ ነበር። ለባቡሩ የሚሆነው የምንጭና የጅረት ውሃ ዛፉ በተመነጠረበት አገር ሁሉ እየቆየ ጨው ሆነ። ምክንያቱን ሲመረምር፣ ዛፎቹ ቀድሞ የዝናቡን ውሃ በሥራቸው እየሳቡ ወደ አየር ይመልሱት እንደ ነበርና፣ እነርሱ በተወገዱ ጊዜ ውሃው ወደ ታች ሰርጎ ከመሬት በታች ያለውን ጨዋማ ውሃ ወደ ላይ እንዳነሣው ተረዳ። ምክሩን የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነበር። ዛሬ በዚያ ክፍለ አገር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት በጨው ተበላሽቷል።

ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል ብለው የከሰሱት የአዲስ አበባ ሰዎች እንግዲህ ዐይናቸው አልተሳሳተም። ይህንኑ ጠባዩን ለጥቅም ያዋሉትም ነበሩ። በሮማ ከተማ አጠገብ ትሬ ፎንታኔ በተባለው ገዳም ከ1868 ወዲህ የገቡት መነኮሳት፣ የወባ መኖሪያ የነበረውን ረግረግ ለማድረቅ ብለው ባሕር ዛፍ በብዛት ተክለዋል። ባጭሩ ትልቅ ዛፍ በግቢያችን ውስጥ ያለ ሕይወት ያለው የውሃ መሳቢያ መኪና ነው። በቤታችን አጠገብ ያለውን ዛፍ ስንነቅል የምናስወግደው እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም መሳቢያ ነው። ታዲያ ቀድሞ እርሱ ይጠጣው የነበረው ውሃ ወዴት ይሄዳል?

የዚህን መልስ ለዓለም በይበልጥ ያስተማረችው የእንግሊዝ አገር ናት። ለንደንና ደቡብ ምሥራቁ የእንግሊዝ አገር በብዛት ያረፉት፣ ሲረጥብ በሚያብጥ፣ ሲደርቅ በሚሸማቀቅ ሸክላማ አፈር ላይ ነው። በ1976 ታላቅ ድርቅ በሆነ ጊዜ፣ ከቤት አጠገብ ያሉ ዛፎች የቀረውን እርጥበት ከአፈሩ ውስጥ ስለ ጠጡት መሬቱ ዝቅ አለ፤ እጅግ ብዙ ቤቶችም ተሰነጠቁ። የመድን ድርጅቶች ከ1971 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመካስ ውል ገብተው ስለ ነበር ከባድ ወጪ ደረሰባቸው። ከዚያ ወዲህ በዛፍ አጠገብ የሚሠራ ቤት መሠረቱ ጠለቅ እንዲል ተደረገ። በኪው የእጽዋት ገነት የነበሩ ሊቃውንትም በተጎዱ ቤቶች አጠገብ የተገኙትን ሥሮች መዝግበው፣ የየትኛው ዛፍ ሥር ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ በ1981 በመጽሐፍ አወጡ።

በዚህ የደነገጡ ባለቤቶች መፍትሔው ዛፉን ማስወገድ ነው ብለው ብዙ ዛፍ አስቆረጡ። አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ሌሎቹ ግን ከፊተኛው የባሰ ነገር አገኛቸው። ዛፉ ከተወገደ በኋላ በየዓመቱ አፈሩ ውሃውን መልሶ እየጠጣ አበጠ፤ ቤቱንም ከበታቹ ወደ ላይ ያነሣው ጀመር። ወለሉ ጎበጠ፣ በሩ አልዘጋ አለ፣ ግድግዳው በሌላ አቅጣጫ ተሰነጠቀ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት መሐንዲሶቹ መርምረው ሲያገኙት፣ ነገሩ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል የሚችል ሆነ። ጥያቄውም የዛሬው ንግግራችን ርእስ ነው፤ ቤቱ ይቀድማል ወይስ ዛፉ?

ቤቱ ቀድሞ ተሠርቶ ዛፉ በኋላ የተተከለ እንደ ሆነ፣ ዛፉ እያደገ ሲሄድ አፈሩን አድርቆ መሬቱን ዝቅ ያደርገዋል። ዛፉ ሲወገድም መሬቱ ወደ ቀድሞው ከፍታው ይመለሳል እንጂ ቤቱ ከተመሠረተበት ልክ አያልፍም፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ቀላል ነው። ዛፉ ቀድሞ አድጎ ቤቱ በኋላ የተሠራ እንደ ሆነ ግን መሠረቱ የተጣለው ዛፉ ባደረቀውና ባሸማቀቀው አፈር ላይ ነው። ያ ዛፍ ሲነሣ አፈሩ ቤቱ ፈጽሞ ወደማያውቀው ከፍታ ያብጣል። እንግዲህ ከላይ አንባቢ በልቡ እንዲያኖር የለመንነውን ያስታውስ፤ አዲስ አበባ ብዙውን ቤቷን የሠራችው በቆመ ባሕር ዛፍ መካከል ነው።

ይህ ማለት ግን በከተማችን ያለ ቤት ሁሉ በአደጋ ላይ ነው ማለት አይደለም። አፈሩን መለየት ያስፈልጋል። በእንጦጦ ግርጌ ባለው ቀይ አፈርና ድንጋያማ መሬት ላይ የሚያሰጋው ጥቂት ነው። ወደ ቦሌ፣ ወደ አቃቂና ወደ ቃሊቲ ስንወርድ ግን ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ይገኛል። የዋልካን ጠባይ ለኢትዮጵያዊ ማስተማር አያስፈልግም፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፤ አጥሩንም ያዘምማል። የለንደን ሸክላ የሚያደርገውን ሁሉ ዋልካም ያደርጋል፤ የእኛ በጋና ክረምት እንደ እነርሱ ያልተቀላቀለ ስለ ሆነ መሰንጠቁና ማበጡ በየዓመቱ በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ መኪናው ሥራ እንመለስ። ኤክስካቫተር በቤት አጠገብ ዛፍ ሲነቅል ሦስት ነገር ያሰጋል። የመጀመሪያው ከላይ የሚመጣ ነው፤ ክንዱ ግንዱን ከፍ ባለ ስፍራ ሲገፋው የደረቀ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በነጂው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛው ከታች የሚመጣ ነው፤ ዛፉ ሲያጋድል ሥሩ ከነአፈሩ እንደ ሰፌድ ብድግ ስለሚል፣ መኪናው በላዩ ቆሞ እንደ ሆነ አብሮ ይገለበጣል። ሦስተኛው የማይታየው ነው፤ ተጎትቶ የሚወጣ ሥር ብቻውን አይወጣም፤ በቤቱ መሠረት ሥር የገባ እንደ ሆነ ድንጋዩን ያናጋል፤ ከውሃ ቧንቧና ከፍሳሽ መስመር ጋር የተቆላለፈ እንደ ሆነም ቧንቧውን ይዞ ይመጣል። በብረት ገመድ መጎተትም ከሁሉ የከፋ አደጋ አለው፤ የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰው ይገድላልና፣ በአጠገቡ ማንም መቆም የለበትም።

ስለዚህ ዐዋቂዎች የሚከተሉት ሥርዓት ይህ ነው። በመጀመሪያ የውሃው፣ የፍሳሹ፣ የኤሌክትሪኩና የስልኩ መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ከየመሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል። ቀጥሎ ቅርንጫፉና የግንዱ ራስ በገመድ እየታሰረ በመጋዝ ተቆርጦ በጥንቃቄ ይወርዳል። ከግንዱም ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ያህል ቁመት ይተዋል፤ ይህም ለመኪናው ክንድ እንደ ዘንግ ሆኖ ጉቶውን ለማዝመም ያገለግለዋል። ግንዱን ከሥሩ ድረስ ቆርጦ መኪና የሚጠራ ሰው ሥራውን በገዛ እጁ ያከብደዋል። ከዚያ በኋላ በዛፉና በቤቱ መካከል ቦይ ተቆፍሮ፣ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሥር በመጋዝ ወይም በምሳር በንጹሕ ይቆረጣል፤ እንዲህ ሲሆን የሚነቀለው ጉቶ ቤቱን የሚይዝበት እጅ አይኖረውም። በመጨረሻም መኪናው ጉቶውን ከቤቱ በተቃራኒ በኩል ገፍቶ ይነቅለዋል። ጉድጓዱም የበሰበሰ እንጨት ሳይጨመርበት፣ በየድርብርቡ እየተጠቀጠቀ በአፈር ይሞላል።

ዛፉ ከግድግዳው ጥቂት ሜትር ብቻ የሚርቅ እንደ ሆነ፣ ጉቶውን ሳይነቅሉ ከመሬት እኩል ቆርጦ መተውና የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ እየተከታተሉ ማጥፋት ይሻላል። ነገር ግን ከዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት እናሳስባለን። ጉቶው በመቅረቱ የሚድነው ከመንቀሉ የሚመጣው መናጋት ነው እንጂ፣ የአፈሩ ማበጥ አይደለም፤ ግንዱና ቅጠሉ ከሄደ ዛፉ ውሃ መሳቡን አቁሟልና። ስለዚህ በዋልካ ላይ ከቤቱ ዕድሜ የሚበልጥ ዛፍ ሲኖር፣ ምሳርም ሆነ መኪና ከመጥራት በፊት መሐንዲስ መጥራት ይገባል። ዛፍ በተነቀለበት ዋልካም ላይ ወዲያው አዲስ ክፍል መሥራት ገንዘብን በጉድጓድ እንደ መጣል ነው።

የጎረቤትም ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንድ ባለሀብት በርስቱ ሲጠቀም በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ወይም ሁከት ማድረስ እንደማይገባው ሲደነግግ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጩኸትና መንቀጥቀጥን ለይቶ ጠቅሷል። ሃያ ቶን የሚመዝን የሰንሰለት መኪና በጭቃ ቤቶች መካከል ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚያንቀጠቅጥ ያየ ሰው፣ ሕግ ዐዋቂዎቹ ይህን ቃል በከንቱ እንዳላስገቡት ይረዳል። ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ ከተቻለም የሁለቱን ወገን ግድግዳ ከሥራው በፊት አብሮ አይቶ ያለውን ስንጥቅ መመዝገብ፣ በኋላ ከሚመጣው ክርክር ያድናል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከኦቲስ የእንፋሎት አካፋ እስከ ዛሬው ኤክስካቫተር የሰው ልጅ ክንድ እጅግ በርትቷል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። በየዘመኑ የተጎዳው ግን ክንዱ የደከመው ሳይሆን፣ ክንዱ ከማስተዋሉ ቀድሞ የበረታው ነው። የ1905ቱ ትእዛዝ ሳይፈጸም በመቅረቱ አዲስ አበባ ማገዶዋንና አጠናዋን አላጣችም። የመሐንዲሱን የዉድን ጽሕፈት ያላነበቡት ገበሬዎች ግን ማሳቸውን በጨው አጡ። እኛም በየግቢያችን እንዲህ ያለ ትንሽ ውሳኔ በፊታችን አለ። የሚያሰጋው ዛፍ መወገዱ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የዘመመ፣ ግንዱ የበሰበሰ፣ በልጆች መጫወቻ ላይ ያጋደለ ዛፍ ቆሞ እንዲቀር የሚመክር የለም። ጤነኛውን ግን ቅርንጫፉን እያሳጠሩ ማቆየት ብዙ ጊዜ ከመንቀል ይረክሳል፤ ለቤቱም መሠረት ይበጃል።

መኪናውን ከመጥራታችሁ በፊት በዕድሜ የገፉትን የሰፈራችሁን ሰዎች ጠይቁ። ይህ ዛፍ በማን ዘመን ተተከለ? ቤቱስ በማን ዘመን ተሠራ? አፈሩስ ቀይ ነው ወይስ ዋልካ? መሐንዲሱም ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው። መልሱን ይዛችሁ ከጠበቃችሁት፣ የግማሽ ቀኑ ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ሆኖ ይቀራል።